ጢስ የማይደርስበት፦ በጢስ የታጠነ ዓሣ ደኅንነትና የቁጥጥር መዝገብ



የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን እያየን ያደግን ሰዎች ጢስን ከንጽሕና ለይተን ማየት ይከብደናል። ይህ እምነት ወደ ዓሣ ማቀነባበሪያ ሲገባ ግን አደገኛ ነው። ጢስ የዓሣውን ገጽ ያደርቃል፣ መዓዛም ይሰጠዋል፤ ወደ ሥጋው ጠልቆ ግን አይከላከልም። በውስጥ የሚሠሩት ጨው፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ናቸው።

በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ከታላላቆቹ ሐይቆች ተጠምዶ በጢስ የታጠነና አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ዓሣ የበሉ ሰዎች በቦቱሊዝም ሞቱ። ገዳዩ ዓይነት ‹ኢ› የተባለው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ነበር። ይህ ባክቴሪያ ኦክስጅን በሌለበት ይራባል፤ ስለዚህ ለንጽሕና ተብሎ የተዘጋጀው እሽግ ለእርሱ ምቹ ማደሪያ ሆነለት። ከ3.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ማደግ ይችላል፤ ብዙ የቤት ማቀዝቀዣዎች ደግሞ ከዚህ ይሞቃሉ። መርዙ ሲፈጠር የዓሣው ሽታም መልኩም ላይለወጥ ይችላል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መመሪያ እንዲህ ላለው እሽግ፣ ናይትራይት ካልታከለበት፣ በዓሣው ውኃ ውስጥ ቢያንስ 3.5 በመቶ ጨው ይጠይቃል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ከዓሣው ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን ከጨውና ከውኃው ድምር ነው። 100 ግራም ዓሣ 70 ግራም ውኃና 2.4 ግራም ጨው ቢኖረው ውጤቱ 3.3 በመቶ ገደማ ነው፤ አያልፍም። ናሙናውም ጨው ዘግይቶ ከሚደርስበት ከወፍራሙ ክፍል ይወሰድ። ከዚህ በተጨማሪ ማከማቻው ከ4.4 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይፈለጋል።

ከዓመታት በፊት አንድ ማቀነባበሪያ ለመገምገም ሄጄ ነበር። የማቀዝቀዣው መዝገብ በየሰዓቱ ‹4› ይላል፤ ለሦስት ወር፣ በአንድ ብዕር። ቴርሞሜትሩን አሳዩኝ አልኩ፤ ባትሪ አልነበረውም። መዝጋቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ሰባት ብዬ ከጻፍኩ ምርቱ ይጣላል፣ እኔም እባረራለሁ» አለችኝ።

በአሜሪካ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባሕርና በሐይቅ ምግቦች ላይ ግዴታ የሆነው ሐሳፕ የተባለው ሥርዓት፣ ገደብ ሲጣስ የተወሰደው እርማት እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ እርማት የሌለበት መዝገብ ገምጋሚን ሊያሳስብ እንጂ ሊያስደስት አይገባም። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የዚያን ዕለት በሪፖርቴ ላይ «መዝገቡ የተሟላ ነው» ብዬ ፈረምኩ። አንድም ገጽ አልጎደለውም ነበር። ማቀዝቀዣውን ግን እኔም አልለካሁትም።