ስላረጀ የዳሌና የጉልበት መጋጠሚያ
(በትምህርት ቤታችን በዓል የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



የወረኢሉ ሰው እግረኛ ነው። በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ የሸዋን ሠራዊት የቀጠሩት እዚሁ ወረኢሉ ነበር፤ ከዚህ እስከ ትግራይ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት አብዛኛው ሰው የተወጣው በገዛ ጉልበቱ ነው። ዛሬም ብዙ ገበያተኛ የሚመጣው በእግሩ ነው። እንዲህ ባለ አገር ዳሌና ጉልበት ሲያረጅ የሚቀረው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶውም፥ ቤተ ክርስቲያኑም፥ መስጊዱም ይቀራል። እኛም «ቁርጥማት ነው፥ እርጅና ነው» ብለን እንተወዋለን። ሐኪሞች ግን መላ አላቸውና ስለዚሁ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

በመጋጠሚያ ውስጥ የአጥንቶቹ ጫፍ በለስላሳ ልም አጥንት ተሸፍኗል። ይህ ሽፋን ተበልቶ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። ታዲያ ቀዶ ሕክምናው አንድ ዓይነት አይደለም። ጉልበቱ በአንድ ወገን ብቻ ላለቀበት ወጣት፥ ሐኪሙ ቅልጥሙን ቆርጦ በማቃናት ክብደቱ በደህናው ወገን እንዲያርፍ ያደርጋል፤ ወይም ያለቀውን ወገን ብቻ ይለውጣል። ሁሉም ካለቀ ጉልበቱ በሙሉ ይለወጣል። «ጉልበቱን አውጥተው ጣሉት» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ የሚነሣው የአጥንቶቹ ጫፍ ሲሆን በምትኩ ብረትና ፕላስቲክ ይገባል።

የዳሌው ታሪክ ደግሞ ይደንቃል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በመጀመሪያ ኳሱን ከብረት፥ ኳሱ የሚዞርበትን ጽዋ ከቴፍሎን ሠራ። ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበልቶ አለቀ፤ ብዙ ሕሙማንም ዳግመኛ በቀዶ ሕክምና መታከም ግድ ሆነባቸው። ቻርንሊ ግን ሥራውን አልተወም። በ1962 እ.ኤ.አ. ፖሊኤቲሊን በተባለ ፕላስቲክ ለወጠው፤ ይህም ውሃ ከምንቀዳበት ጀሪካን ጋር አንድ ወገን ሲሆን ጥንካሬው ግን እጅግ የላቀ ነው። የዛሬው ሕክምና መሠረቱ ይኸው ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፥ በውጭ አገር መዝገቦች ሲታይ በሙሉ ከተለወጡ 100 ጉልበቶች 82 ያህሉ፥ ከ100 ዳሌዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። ሁለተኛው ቅየራ ከፊተኛው ስለሚከብድ ወጣቱን ብዙ ጊዜ «ቆይ» ይሉታል።

ሕክምናው በአገራችንም በአዲስ አበባ ይሰጣል። ነገር ግን ከዚህ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ለሐኪሙ አስቀድሞ ቢነግር መልካም ነው፤ ይኸውም በቤቱ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። የተለወጠ ጉልበት ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው አይታጠፍም። አዲስ ዳሌም ከመጠን በላይ ሲታጠፍ፥ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ወራት፥ ኳሱ ከጽዋው ሊወጣ ይችላል። እኛ ደግሞ ዱካ ላይ ዝቅ ብለን እንቀመጣለን፤ በመጸዳጃ ቤት ቁጢጥ እንላለን፤ ለስግደትም ለሶላትም እንንበረከካለን። ሕመምተኛው ከመመለሱ በፊት ቤተሰቡ ከፍ ያለ ወንበር ለቤትም ለመጸዳጃም ያዘጋጅለት፤ ጸሎቱንም ተቀምጦ ያድርስ።

ቁስል ወይም የተበላሸ ጥርስ ያለበት ሰው ደግሞ አስቀድሞ ያንን ይታከማል፤ ተሐዋስያን በብረቱ ላይ ከሰፈሩ ብዙ ጊዜ ብረቱ ካልወጣ በቀር አይጠፉምና።