ሥዕልን ከዳራው ስለ መለየት
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በፊልም ማኅበር ስም የተደረገ ንግግር)



ጥቂት ቆይታችሁ የምታዩት ፊልም የሚፈጀው 30 ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚሁ ግቢ በቪዲዮ ባነሣነው የድንጋይ አጥር ላይ አንድ ዋልያ ይራመዳል። አጥሩ እውነተኛ ነው፤ ዋልያው ግን ብሌንደር በሚባለው ፕሮግራም በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። ከስሜን ተራሮች በቀር የማይገኝ እንስሳ እዚህ ምን አመጣው ብላችሁ ሳትጠይቁን፣ ሥራው እንዴት እንደ ተበላሸና እንዴት እንደ ተቃና ልንነግራችሁ ወደድን።

ፊልሙ በሴኮንድ 24 ሥዕሎች ወይም ፍሬሞች ስላሉት በጠቅላላው 720 አስፈለጉን። ኮምፒዩተሩ አንዱን ፍሬም አስልቶ ለማውጣት 4 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበርና፣ ሲደመር 48 ሰዓት መሆኑ ነው። ባለችን አንዲት ኮምፒዩተር ከትምህርት በኋላ ብቻ እየሠራን ሦስት ሳምንት ወሰደብን።

የፊልም ሰዎች ተዋናዩን በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት አቁመው እንደሚያነሡና አረንጓዴውን ኋላ እንደሚያጠፉት ሰምተን ስለ ነበር፣ እኛም ዋልያውን በአረንጓዴ ዳራ ላይ አወጣነው። ዳራ ማለታችን ከሥዕሉ በስተኋላ የሚታየው ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ አረንጓዴውን አጥፍተን ዋልያውን በአጥሩ ላይ ብንደርበው፣ ቀንዱ ደኅና ሆነ፤ ጢሙ ግን እንደ ሻገተ እንጀራ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። አጥብቀን ብናጠፋ ደግሞ ጢሙ አብሮ ተላጨ!

ምክንያቱ ይህ ነው። ሥዕሉ የተሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው። አንድ ፀጉር የነጥቡን ግማሽ ብቻ ሲሸፍን፣ የፀጉሩና የዳራው ቀለም በዚያች ነጥብ ይቀላቀላሉ። ወተትና ውሃ ከተቀላቀሉ በኋላ ማን ይለያቸዋል? የሒሳብ መምህራችን እንዳስረዱን፣ ነጥቡ የሚሰጠን ሦስት ቁጥሮች ማለት የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ነው። እኛ የምንፈልገው ግን አራት ነው፤ ይኸውም የፀጉሩ ሦስት ቀለማትና ፀጉሩ ነጥቡን የሸፈነበት መጠን። በሦስት እኩልታ አራት ያልታወቁ ቁጥሮች አይገኙም።

ይህ አራተኛው ቁጥር አልፋ ይባላል። ከቀለማቱ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ያሰቡት ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ ናቸው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1977 ነበር። ካሜራ አልፋን አይሰጥም፤ ስለዚህ ለተዋናይ መጋረጃ ያስፈልገዋል። ኮምፒዩተር ግን ዋልያውን የሚሥለው ራሱ ስለ ሆነ፣ ፀጉሩ የት ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። እኛ መጠየቅ ብቻ ነበረብን። በብሌንደር ውስጥ ዳራውን ባዶ የምታደርግ አንዲት ምልክት አለች፤ እርስዋን መርጦ ሥዕሉን ፒኤንጂ በሚባለው ዓይነት ማስቀመጥ ነው። ጄፔግ አልፋን አይዝም።

ይህን ያወቅነው ለበዓሉ 12 ቀን ሲቀረው ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ የሦስት ሳምንት ድካም አይጣልም፣ ጢሙ ይቆረጥ አሉ። ሌሎቹ፣ ጢም የሌለውን ዋልያማ ማን ዋልያ ይለዋል አሉ። ክርክሩ ወደ ጠብ ደርሶ ነበር ብንል ሐሰት አይሆንም፤ ሁለት ጓደኞቻችን ለሁለት ቀን አልተነጋገሩም። በመጨረሻ እጅ አውጥተን፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ እንደ ገና ተጀመረ።

ዳራው ሲጠፋ መሬቱም አብሮ ስለ ጠፋ ዋልያው በአየር ላይ የሚንሳፈፍ መሰለ። ስለዚህ ራሱ ሳይታይ ጥላ ብቻ የሚቀበል ንጣፍ ከእግሩ ሥር አነጠፍንለት። አንድ ምሽት መብራት ጠፋብን፤ ነገር ግን ፍሬሞቹን አንድ በአንድ እናስቀምጥ ስለ ነበር የጠፋው በሥራ ላይ የነበረው አንዱ ብቻ ነው።

በዚህ ዓይነት 648ቱን ጨረስን። ለቀሩት 72 ጊዜ አልበቃንም፤ እነርሱ የፊተኞቹ ናቸው። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሴኮንዶች ጢሙ ላይ አረንጓዴ ታያላችሁ።

እባካችሁ፣ በመስኮቶቹ አጠገብ ያላችሁ መጋረጃውን ዝጉልን።