ስለ አሮጌ የሆቴል ፖስት ካርዶች የተደረገ ንግግር



የብዙዎቻችን አያቶች በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቅ ተርፈው ወደ ፓዌ ሲመጡ ፎቶግራፍ እንኳ አልያዙም። ስለዚህ የትልልቅ ሆቴሎችን ፖስት ካርድ መሰብሰብ ስንጀምር የሳቁብን ነበሩ፤ እኛም አልፈረድንባቸውም።

ከሁሉ የምንሳሳለት አንድ መምህራችን ከአዲስ አበባ ያመጡልን የጣይቱ ሆቴል ካርድ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያቋቋሙት ይህ ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ከፊሉ ተቃጥሏል። በካርዱ ላይ ግን ሕንፃው እሳት ሳይነካው እንደ ቆመ ነው። በጀርባው አንድ ሰው ደኅና መግባቱን ለእኅቱ ጽፎበታል። እኛም ቴምብሩን ለብቻው እናስቀምጥ ብለን ካርዱን ውኃ ብንነክረው፥ ቀለሙ ፈሶ የእኅቲቱ ስም ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ እርስ በርሳችን አልተነጋገርንም።

ቴምብር ከካርዱ ጋር ሲሆን ብዙ ይናገራል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ ወደ ውጭ አገር በሚላክ ካርድ ላይ የሌላ አገር ቴምብር ጭምር ይለጠፍ ነበር። ይህን የሰማነው ካበላሸን በኋላ ነው።

አሁን ሰባት ካርዶች አሉን። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ቢገኝ፥ እባካችሁ ቴምብሩን ሳታላቅቁ አምጡልን።