ድረ ገጻችንን ለማን አደራ እንስጥ?
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በርበሬያችንንና ሽሯችንን በውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን ለመሸጥ ድረ ገጽ ከፍተን ነበር፤ ጎብኚ ግን አላገኘንም። «በአንድ ወር በጉግል ፍለጋ አንደኛ አወጣችኋለሁ» ያለንን ባለሙያ አምነን ከቁጠባችን ከፈልን። ወሩ አለፈ፤ ለውጥ የለም። ስንደውል ስልክ አያነሳም። የድረ ገጹንም አድራሻ ያስመዘገበው በራሱ ስም ስለነበር እንደገና ሌላ ለማስመዝገብ ተገደድን።

ያ ገንዘብ የእናንተ ላብ ነውና ይቅርታ እየጠየቅን፣ የተማርነውን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በጉግል አንደኛ ለመውጣት ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም፤ ጉግል ራሱ ይህን ይናገራል። በገንዘብ የሚገዛው የማስታወቂያው ቦታ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ምን እንደሚሠራ በግልጽ የማያስረዳን አንቅጠር። «ከሌሎች ድረ ገጾች ሊንክ እገዛላችኋለሁ» ካለ እንራቅ፤ ደንብ ስለሚጥስ ቅጣቱ የሚደርሰው በእኛ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ አድራሻውም የይለፍ ቃሉም በማኅበሩ እጅ ይሁን። ጉግል ሰርች ኮንሶል ነፃ ነው፤ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ እንደሚያገኙን ያሳየናል። ለባለሙያው መጀመሪያ የማየት ፈቃድ ብቻ እንስጠው።

አራተኛ፣ ከዚህ በፊት ያሠሩትን ደውለን እንጠይቅ። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት ስለሚወስድ፣ ክፍያውም እንደ ሥራው ደረጃ በደረጃ ይሁን።

እህቶቻችን፣ በእቁባችን ዕጣ የወጣላት እንኳ ዋስ ሳትጠራ ገንዘቡን አትወስድም። ለማናውቀው ሰው ስንከፍል ታዲያ ይህን ልማዳችንን ለምን እንረሳለን?