የአራት ሚሊ ግራም ተኩል ጉዳይ
(በአርሲ ነገሌ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስን በጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ምን አገባው የሚል ጥያቄ በአእምሯችሁ ሳይመላለስ አይቀርም። የሚያገባውስ በልኬት በኩል ነው።

3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጨቅላ ሕፃን በመላ ሰውነቱ የሚዘዋወረው ደም ሩብ ሊትር ያህል ነው። ሕይወቱን ለማዳን በእንብርቱ ወይም በሌላ ደም መላሽ ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ በዚያው ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ዋነኛው ምክንያት ይሆናል፤ ኢንፌክሽንና የፈሳሽ እጥረትም ያግዙታል። የእግር ወይም የእጅ ማበጥና በሽንት ውስጥ ደም መታየት ከምልክቶቹ መካከል ናቸው፤ ምርመራው የሚረጋገጠው ግን የደምን ፍሰት በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው።

ሐኪሙ አንዳንዱን የረጋ ደም በቅርብ እየተከታተለ ይጠብቀዋል፤ የሚስፋፋውን ግን በሄፓሪን ወይም በኢኖክሳፓሪን ይገታዋል። እነዚህ መድኃኒቶች መርጋቱ እንዳይቀጥል ያግዳሉ እንጂ የረጋውን አያሟሙም፤ ያንን ሰውነቱ ራሱ ቀስ በቀስ ይፈጽመዋል። መጠኑ ቢያንስ መርጋቱ ይቀጥላል፤ ቢበዛ ደም ይፈስሳል፤ ከሁሉ የሚያስፈራውም በአንጎል ውስጥ የሚፈስሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በወሩ ለተወለደ ጨቅላ የተለመደው የኢኖክሳፓሪን መነሻ መጠን በየ12 ሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ3 ኪሎው ሕፃን 4.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ከያዘው መድኃኒት የሚቀዳው 0.045 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። እያንዳንዱ መስመር 0.01 ሚሊ ሊትር በሆነበት ሲሪንጅ ላይ ይህ አራት መስመር ተኩል ነው፤ የአንድ መስመር ስሕተትም መጠኑን ከመቶ 22 ያህል ያዛባዋል። መድኃኒቱ አሥር እጥፍ ሲበረዝ ግን የሚቀዳው 0.45 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን፣ ያው ስሕተት ከመቶ 2 ያህል ብቻ ይሆናል። ሆኖም የተበረዘውንና ያልተበረዘውን የሚለይ ግልጽ ጽሑፍ ከሌለ፣ መፍትሔው ራሱ የአሥር እጥፍ ስሕተት በር ይከፍታል።

የመጠኑ ስሌት የሚጀምረው ከሚዛን ነው። ሚዛኑ 300 ግራም ከሳተ፣ የ3 ኪሎው ሕፃን መድኃኒት ከመቶ 10 ይስታል። ከአርሲ ነገሌ በሻሸመኔ አልፎ ወደ ሀዋሳ ለከፍተኛ ሕክምና የሚላክ ሕፃን፣ ክብደቱ በማስተላለፊያው ወረቀት ተጽፎ አብሮት ይጓዛል፤ ስሕተት ካለበትም ስሕተቱ አብሮ ይጓዛል። ሄፓሪን ደግሞ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ በፓምፕ ያለማቋረጥ ይሰጣል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ካልያዘ ሕክምናው ይቋረጣል።

ስለዚህ መድኃኒቱን ማዘዝ የሐኪሙ ሥራ ቢሆንም፣ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት መፈተሽና የፓምፑን ባትሪ በየጊዜው መሞከር የእኛ ሙያ ነው። በየከተማችን ያሉትን ጤና ተቋማት ይህን አገልግሎት ሳንጠየቅ እንድናበረክትላቸው አሳስባለሁ።