ጣራ ያጣው የጉዛራ ግንብ

ከወረታ ወደ ጎንደር ሲጓዙ፣ የፎገራን የሩዝ ማሳና አዲስ ዘመንን አልፈው እንፍራንዝ ሊደርሱ ሲሉ፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። ያሠሩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው ይባላል፤ አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት መሆኑ ነው። የጎንደር ግንቦች ታላቅ ወንድም ብንለው አይበዛበትም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ግንብ እንዴት ይፈርሳል? ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ነው። ጣራው ከሌለ የክረምቱ ዝናብ ከአናቱ ወደ ግድግዳው ሆድ ይሰርጋል፣ ኖራውንም እያጠበ ያወጣዋል። ስንጥቁ ውስጥ የወደቀች ፍሬ ትበቅላለች፤ ሥሯ ሲወፍር ድንጋዩን ገፍታ ትጥላለች። ስለዚህ ጥገና ሲታሰብ ቀድሞ መሸፈን ያለበት የግድግዳው አናት ነው፤ እሱም በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራ።