መኸሩ ከገባ በኋላ ለመሬቱ የሚቀረው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



በዛሬው በዓል የምንናገረው ስለ ጓሮ መሬት ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «12ኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ከዚህ የከበደ ነገር አጥተው ነውን?» ትሉ ይሆናል። እኛ ግን ከዚህ የከበደ አላገኘንም።

ወቅቱ መፀው ነው። ጊፋታ አልፎ፣ እሸቱ ተበልቶ የተረፈው በቆሎ እየደረቀ ነው፤ ቦሎቄው ይለቀማል፤ ጎደሬው ይቆፈራል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ አረካ ወይም ወደ ቦዲቲ የሚጓዝ እንግዳ አገሩ ሁሉ የጠገበ ይመስለዋል። ለምለም ሁሉ ጥጋብ አለመሆኑን ግን ወላጆቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። እኛ በተወለድንበት ዘመን፣ በ2000 ዓ.ም.፣ የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ስኳር ድንቹ በጠፋ ጊዜ፣ ኋላ ዝናቡ ተመልሶ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሰው ይራብ ነበር፤ ስሙንም «አረንጓዴ ረሃብ» አሉት።

አባቶቻችን መሬታቸውን በሁለት ስም ይጠሩታል። በቤቱ ዙሪያ ያለው፣ እንሰቱና ቡናው፣ ጎመኑና ጎደሬው የሚበቅልበት ጥቁር መሬት ዳርኩዋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀይ መሬት ሾካ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ስንቆጥር እግዚአብሔር ጥቁሩን አፈር ለየቤቱ ዙሪያ የመደበው ይመስለን ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ሁለቱም መጀመሪያ አንድ ቀይ አፈር ነበሩ። የሾካው አገዳና ገለባ ወደ ቤት ገብቶ ላም በላችው፤ እበቱም ከጥራጊና ከአመድ ጋር በየማለዳው እንሰቱ ሥር ተደፋ። ዳርኩዋውን ያጠቆረው የእናቶቻችን ቅርጫት ነው። ሾካው ከዓመት ዓመት ይሰጣል፤ የሚመለስለት ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ላሟ ስትሸጥ ምን ይሆናል? እዚህ ከተቀመጥነው የብዙዎቻችን ደብተርና የደንብ ልብስ የተገዛው በላም ወይም በጊደር ዋጋ ነው። ለእኛ ትምህርት ሲባል ቤቱ እበቱን አጣ። ከቤቱ ራቅ ብሎ የቆመው የእንሰት ተርታ መቅጠኑን፣ ቅጠሉም መገርጣቱን ለዕረፍት ስንመለስ በዓይናችን አይተናል፤ አፍረናልም። ማዳበሪያ መግዛት አለ፤ ዋዱ ይባል የነበረው የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960ዎቹ ለገበሬው ካዳረሰው ወዲህ አገራችን ያውቀዋል። ነገር ግን ዋጋው ከብዙ ቤት አቅም በላይ ነው፤ ብቻውንም ቢሆን አፈሩን እንደ እበት አያለሰልሰውም።

ስለዚህ ካቻምና በትምህርት ቤቱ ጓሮ ብስባሽ ለመሥራት ተነሣን። በጥር ወር የደረቀ የበቆሎ አገዳና የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆልለን ፎቶግራፍም ተነሣን። በመጋቢት ስንከፍተው አገዳው እንደ ገባ ወጣ፤ በመካከሉ ያገኘነው ምስጥ ብቻ ነበር። ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንዲት እናት አይተው ሳቁ። «ልጆቼ፣ ማገዶ ነው እንዴ የምታደርቁት? በጥቅምት፣ እርጥቡ ሳለ ነበር እንጂ! ይህን ቅጠልማ ፍየልም አይነካው» አሉን።

አምና እንደ ቃላቸው አደረግን። በቆሎው እንደ ተሰበሰበ አገዳውን ገና እርጥበት ሳለው በስንዝር በስንዝር ቆራረጥነው። አንድ ረድፍ አገዳ፣ አንድ ረድፍ ዘር ያልያዘ ለምለም አረም፣ ከጎረቤት የለመንነው እበት፣ ጥቂት አመድና የዳርኩዋ አፈር እየደራረብን በእንሰት ቅጠል ከደንነው። በየሦስት ሳምንቱ ገለበጥነው፤ ሲደርቅ እጅ የታጠብንበትን ውኃ አጠጣነው። በሳምንቱ እጃችንን ብናስገባ እንደ ትኩስ ገንፎ አቃጠለን! በየካቲት ጥቁርና ፍርፍር ሆኖ፣ የመጀመሪያ ዝናብ እንደ መታው መሬት ይሸት ነበር። ቦሎቄውንም ከነሥሩ መንቀል ትተን በማጭድ ቆረጥነው፤ በሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች ከአየር የተወሰደ ናይትሮጅን የያዙ ናቸውና መሬት ውስጥ ይቅሩ። አመድም በልክ ሲሆን የቀይ አፈራችንን አሲድነት ይቀንሳል፤ አገዳውን በማሳ ላይ ማቃጠል ግን ናይትሮጅኑን በጭስ መስደድ ነው።

ከቁልሉ የወጣው ለሁለት የጎመን መደብ ብቻ በቃ። አንዲት ላም የምትሰጠውን አይተካም፤ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን የክረምቱ ዝናብ በጎናቸው ያለውን መደብ ሲያጥብ እነዚያ ሁለቱ ውኃውን ጠጡት።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ሾካውን ለባሕር ዛፍ ለመስጠት ያሰባችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ገንዘቡም እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። በወንጌል ያለው አትክልተኛ ላላፈራችው በለስ ፋንድያ ላድርግባት ብሎ አንድ ዓመት ለመነላት። እኛም ከሾካው አንዲት ጥግ ለአንድ ዓመት እንለምናለን፤ በዚህም ወር አገዳውን እንዳታቃጥሉብን።

የዘንድሮው ቁልል ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው። በየካቲት ሲከፈት እኛ ለፈተና በማጥናት ላይ እንሆናለንና መንሹን ለ10ኛ ክፍል ልጆች አስረክበናል። ከስብሰባው በኋላ መጥታችሁ፣ እጃችሁን አስገብታችሁ ሙቀቱን እንድታዩልን በአክብሮት እንጋብዛችኋለን።